የድስትና የወንበር ጦርነት

ክሪስታል፣ ሚኒሶታ
ኦክቶበር 28 ቀን 2006

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሼ እሸቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የናዝሬት ሙቀትስ ተስማማዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለእርስዎ ውሸት ጽፌ ማለፍ ስለማልችል ግን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ስላልጻፍኩ በመጀመሪያ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

«አሁንም እንጨት ትቀርጫለሽ ወይስ አሜሪካ እጅሽን በላው?» ብለው ጠይቀውኛል። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ሃያ ዓመት፣ አንድም እንጨት አልነካሁም። መቅረጫዎቹ እርስዎ በሰጡኝ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ ምድር ቤት ተቀምጠዋል። ሥራዬ ግን ከሥዕል አላራቀኝም፤ ሙዚየም ውስጥ ጥበቃ ነኝ። ጥቁር ሱፍ ለብሼ ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ሰው ሥዕል እንዳይነካ እከለክላለሁ። አንድ ሽማግሌ ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን አንብቦ ትርጉሙን ጠየቀኝ። ስነግረው አየት አደረገኝና «አይመስልም» ብሎ ሄደ።

ዘንድሮ የመደቡኝ የጃፓን የእንጨት ኅትመት የተሰቀለበት ክፍል ነው። ጋሼ፣ ክፍሉ ጦርነት በጦርነት ነው፤ ግን የሚያስቅ ጦርነት። በአንዱ ላይ እንቁራሪቶች ደንገል እንደ ጦር ይዘው ይዋጋሉ። በሌላው አትክልትና ዓሣ ተሰልፈው ይፋለማሉ፤ የአትክልቱ ጦር አዝማች ዱባ ነው። አንዱ ላይ ደግሞ ሕፃናት ይደባደባሉ። የዚያን ጊዜውን ጦርነት መሳል ክልክል ስለነበር ሠዓሊዎቹ መኳንንቱን ልጆች አድርገው ሣሏቸው አሉ። ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው በልብሱ ጥለት ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ ጥለቱን አይቶ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ስምንት ሰዓት ቆሜ ሳያቸው የሚታየኝ የኛ እድር ነው።

«የሰሜን ኮከብ» የሚባል እድር ነበረን፤ ከዓመት ተኩል በፊት ለሁለት ተሰነጠቀ። ፖለቲካ መስሎዎት እንዳይፈሩ፤ በሁለቱም ጎራ አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል። የተጣሉት በስልክ ዝርዝር ነው። አቶ ኤዶሳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ። አገር ቤት ጡሩምባ ነፊ እንደምንለው፣ ሰው ሲሞት ለአባላቱ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ለጸሐፊው ለአቶ አለልኝ በመጀመሪያ፣ ለሊቀመንበሩ ለአቶ ጎንፋ በአርባ ሰባተኛ ተራ ደወሉላቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። አቶ ጎንፋ የብሩክሊን ሴንተር ሰፈርን ሰው፣ አቶ አለልኝ የኤደን ፕሬሪ ሰፈርን ሰው ይዘው ተለያዩ። የእድሩ ድስቶች አቶ ጎንፋ ጋራዥ፣ ወንበሮቹ አቶ አለልኝ ጋራዥ ነበሩና ሁሉም በእጁ ያለውን ይዞ ቀረ። አሁን የብሩክሊን ሴንተር ለቅሶተኛ ቆሞ ይበላል፤ የኤደን ፕሬሪው ተቀምጦ ይራባል። አንዱ ወደ ሌላው ቀብር አይሄድም።

አሁን የፈራሁትን ልንገርዎት። እማዬ የልቧ ቫልቭ ተበላሽቷል። ሐኪሙ እስከ ፀደይ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ልቧ አይችልም ብሏል። እሷ ግን አልፈርምም አለች። «ሳይታረቁ ቢላ ሥር አልገባም። ብሞትስ? ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ ተርቦ ሊቀብረኝ ነው? አሥራ አምስት ዓመት በነዚያ ድስቶች ያበሰልኩት እኮ እኔ ነኝ። ሳይን አላደርግም» አለችና አፖይንትመንቱን ሰረዘችው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ልኬ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ምን ላድርግ ጋሼ?

ልጅዎ ትሕትና

---

ናዝሬት
ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለትሕትና፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስምንት ወር ዝም ማለትሽን ይቅር ብያለሁ፤ ሃያ ዓመት እንጨት አለመንካትሽን ግን ይቅር አላልኩም። ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጄ መቅሊት ናት፤ የኔን እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮታል። ስለ ዓይኔ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

«ምን ላድርግ» ያልሽው ዳኛ ወይም ቄስ አይደለም፤ የኅትመት አስተማሪ ነው። ስለዚህ መልሴን ገና ሳትጽፊልኝ ታውቂው ነበር። ምድር ቤት ውረጂና ጨርቁን ፍቺ።

ሁለቱን ሰዎች እንዳትመክሪያቸው፤ ምክር ጠግበዋል። ሳቅ ነው የጎደላቸው። ጃፓኖቹ እንዳደረጉት ጦርነታቸውን ሥሪላቸው፣ ጥለታቸውንም ፈልጊ። ሊቀመንበሩ ምን ይለብሳሉ? ጸሐፊውስ? ያ ሠዓሊ በጥለት የተሸሸገው እስር ፈርቶ ነው። አንቺን ምን ያስፈራሻል? ቢበዛ ሰላምታ ይነፍጉሻል።

የመጀመሪያውን ኅትመት በፖስታ ላኪልኝ። በኮምፒውተር እንዳትሞክሪው። መቅሊት በዚያ መስኮት ስንት ነገር ልታሳየኝ ትፈልጋለች፤ እኔ ግን ወረቀት በእጄ ካልያዝኩ አይሆንልኝም።

እናትሽን ጎንበስ ብለሽ ሳሚልኝ። እልከኛ ናቸው ማለት በሕይወት ናቸው ማለት ነው።

መምህርሽ እሸቴ

---

ክሪስታል
ዲሴምበር 9 ቀን 2006

ለተወደዱ ጋሼ እሸቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ መንቀጥቀጡን ሰምቼ አዘንኩ። የመቅሊት ጽሕፈት እንዴት ያምራል። ስለ ዓይንዎ ግን አልነገሩኝም፤ ልብ ብያለሁ።

ይኸው ልኬልዎታለሁ። የቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። እማዬ ከላይ ሆና «አይጥ ገባ እንዴ?» ትለኛለች፤ መቅረጫው ሲፍቅ ስትሰማ። ማተሚያ ስለሌለኝ ወረቀቱን በእንጨት ማንኪያ ጀርባ አሸሁት። ሁለት ጊዜ አውራ ጣቴን ቆርጫለሁ። ደስታዬን ግን አልደብቅዎትም፤ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የጠየቁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሁሉም እንቁራሪቶች ናቸው። አንደኛው ጦር ድስት እንደ ብረት ቆብ ደፍቷል፤ ክዳኑ ጋሻው፣ ጭልፋው ጦሩ ነው። ሁለተኛው ጦር ሰይፍ መዝዞ ታጣፊ ወንበር እንደ ፈረስ ይጋልባል። የድስቱ አዝማች አንገት ላይ ያለው ባለ መስመር ስካርፍ የአቶ ጎንፋ ነው፤ በሐምሌም አያወልቁትም። የወንበሩ አዝማች የለበሰው ባለ ካሬ ካፖርት የአቶ አለልኝ ነው። በመካከላቸው የሬሳ ሣጥን አለ። የሚሸከመው ስላጣ ሟቹ እንቁራሪት ክዳኑን ገፍቶ ቁጭ ብሏል፤ የእጅ ሰዓቱን እያየ ጦርነቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። የሰዓቱን ዘንጎች በመርፌ ነው የሠራኋቸው፤ ስለደከመኝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አድርጌ ተውኩት።

ሟቹ ፊት ያስፈልገዋል? እኔ ባዶ ተውኩት። ሐኪሙ ትናንት ደውሎ ነበር። ማርች ይለኛል፣ ከማርች አይለፍ ይለኛል።

ትሕትና

---

ናዝሬት
ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለትሕትና፤

ለመጪው ገና እንኳን አደረሰሽ። ፖስታው ሳይጨማደድ ደርሷል። ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ረጅም ሰዓት ይዤው ቆየሁ።

ድስት የደፉት ጠንካሮች ናቸው፤ ማንኪያውን እስከ ጥግ አጥብቀሽ አሽተሻል፣ መስመሩ ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል። ወንበር ጋላቢዎቹ ጋ ክንድሽ ደክሟል። ዳኛ ለአንዱ አጥብቆ ለሌላው አላልቶ አይፈርድም፤ አስተካክዪ። ካሬው ካፖርት ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱ ካሬ ለጣት ይታወቃል። መቅሊት ጦርነቱን ስትተርክልኝ ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ ሠራተኛችን የትኛው ጎራ እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ምሳ አሳረረች።

ስለ ሟቹ የጠየቅሽኝ፦ ጣቴ እዚያ ሲደርስ ምንም አላገኘም። ለጊዜው ተዪው። ሰዉ ካየው በኋላ የጎደለውን እሱ ራሱ ይነግርሻል።

ኅትመቱን ሰው የሚውልበት ቦታ ስቀዪው። አታስረጂ፣ አትፈርሚበትም። የእኔ ነገር ይቆይሽ፤ እናትሽን ጠብቂ።

እሸቴ

---

ክሪስታል
ጃንዋሪ 20 ቀን 2007

ለጋሼ እሸቴ፤

እንኳን ለጥምቀት አደረሰዎት። «ሰዉ ምን አለ?» ብለው በመቅሊት በኩል ያስደወሉትን መልእክት ሰምቻለሁ። ሳልመልስ የቆየሁት አፍሬ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሰዉ ወደደው፤ ጥፋቱም እሱ ነው። ብሩክሊን ሴንተር ባለው በዳራርቱ ሱቅ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ቀን አቶ ጎንፋ ራሳቸው መጥተው አምስት ቅጂ ጠየቁኝ። «የአለልኝን ሰዎች እንዴት አድርገሽ ሣልሻቸው! ቁርጥ እንቁራሪት» አሉኝ። በማግሥቱ ከኤደን ፕሬሪ ስምንት ቅጂ ተጠየቅሁ። አቶ አለልኝ በፍሬም አሠርተው ሳሎናቸው ሰቅለውታል፤ ለእንግዳ የሚያሳዩት ባለ ስካርፉን ነው። ጋሼ፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ጥለት የገዛ ልብሳቸው መሆኑን ሁለቱም አላዩትም። ሰላም ላወርድ ተነሥቼ ለሁለቱም ጦር ባንዲራ አተምኩላቸው።

ለእማዬ ስነግራት ሳቀች፤ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ከዚያ ኅትመቱን አምጪ አለችኝና ባዶውን የሟች ፊት በጣቷ ነካች። «እዚህ ላይ እኔን አስገቢኝ» አለች። «የማንም ያልሆነ ሬሳ አያሳፍርም። ነጠላዬንም መነጽሬንም አድርጊልኝ፤ ዓይኑ እያየ የኔ አይደለም የሚል ይምጣ።»

እምቢ አልኳት። የቆመች እናቴን በገዛ እጄ ሣጥን ውስጥ ላስቀምጣት? ሟርት ነው። ከሷ ጋር ሦስት ቀን ተኳርፈናል። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስተኛ ጎራ ተከፍቷል ማለት ነው። ቁርጡን ይንገሩኝ፣ ልሥራው ወይስ ልተወው? ደግሞስ አንዴ የተፈቀፈቀ እንጨት ላይ ፊት እንዴት ይጨመራል?

ትሕትና

---

ናዝሬት
የካቲት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለትሕትና፤

ልጄ፣ የሣልሽው የሞተ ሰው አይደለም። የሚጠብቅ ሰው ነው። እናትሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲጠብቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አንቺ ያለውን ነው የምትቀርጪው። ሟርት የሚሆነው ፊታቸውን ባዶ አድርገሽ ስታስቀሪው ነው።

እንዴት ይጨመራል ላልሽው፦ አይጨመርም፣ ይተካል። የሟቹን ጭንቅላት ከነዙሪያው አራት ማዕዘን አድርገሽ ፈልፍለሽ አውጪው። ከዚያው ጣውላ ትራፊ፣ በዚያው መጠን፣ ጭረቱ በዚያው አቅጣጫ የሆነ ውታፍ ቁረጪ። ያለ ሙጫ በመዶሻ እጀታ ተመትቶ የሚገባ ጠባብ ይሁን። እሱ ላይ ቅረጪያቸው። ጃፓኖቹም የተሳሳቱትን እንዲሁ ነበር የሚያርሙት። አንድ ቀን ይበቃሻል። ከወደቅሽ ሁለተኛ ውታፍ አለሽ፤ እናት ግን ሌላ የለሽም፣ ስለዚህ ኩርፊያውን ዛሬውኑ አቁሚ።

አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። ሁሉ ሲያልቅ ወረቀቱን ሳይሆን እንጨቱን ላኪልኝ። ለምን አትበዪኝ።

እሸቴ

---

ክሪስታል
ማርች 3 ቀን 2007

ለጋሼ እሸቴ፤

ቁጭ ይበሉና ያንብቡት።

ውታፉ በሁለተኛው ሙከራ ገባ። እማዬ ለሁለት ሰዓት ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠችልኝ። ቁርጥ እሷን መሰለች። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ለዳራርቱ ወስጄ ሰጠኋት። ዳራርቱ ሥራ በዝቶባት ባገኘችው ክፍት ቦታ ለጠፈችው። ክፍት ቦታው የት ነበር መሰለዎት? ሰሌዳው ላይ፣ የሞት ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ረድፍ፣ ከሌሎቹ ሟቾች ፎቶ አጠገብ።

ዓርብ ከሰዓት አቶ ኤዶሳ በርበሬ ሊገዙ ገቡ። መነጽራቸውን መኪና ውስጥ ትተዋል። የእማዬን ፊት አዩ፣ ነጠላዋን አዩ፣ ሣጥኑን አዩ። ዳራርቱ እንደነገረችኝ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በርበሬውን ባንኮኒው ላይ ጥለው ወጡ። ከዚያ ደወሉ። ከአርባ ሰባተኛው ተራ ወዲህ እንደገና ጦር እንዳይማዘዝ ይፈራሉና አቶ ጎንፋንና አቶ አለልኝን በአንድ መስመር፣ በአንድ ጊዜ፣ «ስሪ ዌይ» አድርገው አገኟቸው። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ አንዱ የሌላውን ድምፅ የሰማው ያኔ ነው። ሁለቱም አለቀሱ አሉ። እኔ ዘንድ ግን ማንም አልደወለም። የሞተበትን ሰው «እውነት ነው ወይ» ብሎ በስልክ የሚጠይቅ የለማ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ በኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ምድር ቤት ሆኜ ሦስተኛውን ቅጂ ሳሽ ከውጭ የአካፋ ድምፅ ሰማሁ። ሌሊቱን ትልቅ በረዶ ጥሏል። ጎረቤት መስሎኝ ማሸቴን ቀጠልኩ። ለካ የኤደን ፕሬሪ ሰዎች ከመንገዱ በኩል፣ የብሩክሊን ሴንተር ሰዎች ከጋራዡ በኩል በረዶውን እየዛቁ መሐል ላይ ተገናኝተዋል። እነዚያ ወንበር ጭነዋል፣ እነዚህ ድስት። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፤ እኔ እጄን እስካብስ እማዬ ከጸሎቷ ተነሥታ ከፈተች።

ያየሁት የለም፣ የሰማሁትንና ኋላ የነገሩኝን ነው የምጽፍልዎት። አቶ ጎንፋ ድስቱን ታቅፈው፣ ለቅሶ እንደሚገባው አንገታቸውን እንደደፉ፣ ነጠላ የለበሰችው እማዬ እኔን መስላቸው «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሉ።

«ያጽናን» አለች እማዬ። «ማን ሞተ?»

ድስት ደረጃው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። በመጨረሻ አቶ አለልኝ በቀጭን ድምፅ፣ «እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ የትምወርቅ» አሉ።

«ታዲያ ሬሳ በር ላይ ታስቆማላችሁ እንዴ? ወንበሩንም ድስቱንም ይዛችሁ ግቡ። የሂቲንጉ ሙቀት እየወጣብኝ ነው።»

ሮጬ ስወጣ ስልሳ ሰው ሳሎናችንን ሞልቶታል። አቶ ኤዶሳ የእማዬን እጅ ይዘው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ፤ እሷ ትስቃለች። በድስቱ ያለው የጾም ምስር ወጥ ነበር፤ ቅዳሜ ስለሆነ ማለዳ የሚከለክል አልነበረም። ሰዉ ተቀምጦ በላ። ተቀምጦ! ከዚያ እማዬ አሁን ያተምኩትን፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ወረቀት አምጪ አለችኝና በሁለቱ መሐል ያዘችው። አቶ ጎንፋ መጀመሪያ እሷን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ባለ ስካርፉ ሄደ፤ ቆዩና የገዛ ስካርፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አሉ። አቶ አለልኝ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ገልብጠው በወንበሩ ላይ አኖሩት፤ ሁሉም ግን ስላየ ሳቁ ቤቱን ነቀነቀው። እነሱም ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቁት እነሱ ናቸው።

እማዬ ያኔውኑ ፈረደች። ድስቱም ወንበሩም ብሩክሊን ሴንተርም ኤደን ፕሬሪም አይመለስም፤ ክሪስታል፣ የኛ ጋራዥ ይቀመጣል። የኔ መኪና በረዶ ላይ ቀርታለች። ይቅርላት።

ሰኞ ሆስፒታል ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳት። በኋላ መስኮት ሳይ ሁለት መኪና ይከተለናል፤ የአቶ ጎንፋና የአቶ አለልኝ። እስክሪብቶውን የሰጧት አቶ ጎንፋ ናቸው። ፈረመች ጋሼ። ማርች 27 ቀን ነው።

ትሕትና

---

ናዝሬት
መጋቢት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለትሕትና፤

ደብዳቤሽ በዚህ ቤት አራት ጊዜ ተነቧል። «ማን ሞተ?» የሚለው ጋ ስንደርስ መቅሊት ማንበብ ስላቃታት ጎረቤት ጠርተን አስጨረስን። አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ ሽልማት አግኝተዋል፣ ሹመት አግኝተዋል። በአንድ ማለዳ ስልሳ ሰው አስታርቆ ምስር ያበላ ግን የለም። ኮርቻለሁ። ነጥብ ስሰጥ ቆጣቢ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ግን አልቆጥብም።

ለማርች 27 ቀን ጸሎት ይዘናል። እንጨቱን አትርሺ።

እሸቴ

እትዬ ትሕትና፣ ይህን የምጨምረው አባባ ሳያውቅ ነው። የእጁ መንቀጥቀጥ ውሸት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ አያይም፤ ሁለቱም ዓይኑ ሞራ ሸፍኖታል። ያን ሁሉ አስተያየት የሰጠሽ ወረቀቱን በጣቱ እየዳሰሰ ነው። ሐኪም «በቀላሉ ይወጣል» ብሎታል፤ እሱ ግን «በዚህ ዕድሜ ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም» ይላል። ለማን እንደምነግር ጠፋኝ። መቅሊት።

---

ክሪስታል
ኤፕሪል 14 ቀን 2007

ለጋሼ እሸቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። ደስታዬን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ እማዬ ተርፋለች። አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የመቆያው ክፍል ከመሙላቱ የተነሣ ነርሷ የየትኛው ሀገር ባለሥልጣን ናት ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ወጥቶ ደህና ናት ሲል አቶ ኤዶሳ ስልካቸውን አወጡና ለአባላቱ ሁሉ መደወል ጀመሩ። ችግሩ እሳቸው ደውለው የምሥራች ተናግረው አያውቁም። ድምፃቸውን የሰማ ሁሉ ገና «ሄሎ» ሲሉ ዋይታ ይጀምራል። በመጨረሻ ሰላምታውን ትተው «አልሞተችም» ብለው መጀመር ግድ ሆነባቸው። ዝርዝሩንም ከመጨረሻው ስም ነው የጀመሩት። በቅርብ የገባችውን አዲስ አባል አስቀድመው፣ አቶ ጎንፋንና አቶ አለልኝን ከጎናቸው አስቀምጠው በመጨረሻ።

ሌላውን ነገር ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁ። ተናድጃለሁ፣ አልቅሻለሁም፤ አምስት ወር ሙሉ በጣትዎ ሲያስተምሩኝ አለማወቄ አቃጥሎኛል። እኔ ግን ለእርስዎ ምክር የመስጠት አቅም የለኝም። ስለዚህ ለእማዬ ሰጠኋት፤ ቀጥሎ ያለው ከአልጋዋ ሆና ያስጻፈችኝ ነው።

«ለአቶ እሸቴ። እንደምን ሰነበቱ? ልጄን ስላስተማሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሰባ አራት ዓመት የኖርኩበትን ልቤን ከፍተው እንዲያዩት ለማላውቃቸው ሰዎች ሰጠሁ። እርስዎ ዓይንዎን ለአንድ ጠዋት መስጠት ከበደዎት? እኔን ሣጥን ውስጥ እንድታስገባ የፈቀዱላት እርስዎ ነዎት። መልኬን ሳያዩ አስገብተው፣ ሳያዩ ሊቀሩ አይሆንም። ታዛዥ ይሁኑ። የትምወርቅ።»

እንጨቱ ከዚህ ጋር ወጥቷል። አቶ አለልኝ በካፖርታቸው ገበር ጠቅልለው፣ አቶ ጎንፋ በስካርፋቸው አሥረው ፖስታ ቤት የወሰዱት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ስካርፉ ሳይመለስ ይቅር ብለዋል፤ ሐምሌ ደርሶ በአንገታቸው ሳላየው አላምንም።

ትሕትና

---

ናዝሬት
ሰኔ 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለትሕትና፤

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። መስመሩ ቢወላገድ ከልምድ ማጣት ነው፤ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

እናትሽ ካዘዙኝ በኋላ ሦስት ቀን አኮረፍኩ፣ በአራተኛው ሐኪም ቤት ሄድኩ። የዓይኔ ማሰሪያ ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የመቅሊትን ፊት ነው። አድጋለች፤ ማንም አልነገረኝም። ምስጢሩን ማን እንደነገረሽ እኔም አልጠየቅኋትም። ቤት ስገባ ኅትመትሽን ከነእንጨቱ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው።

እንጨቱ ላይ የእናትሽን ፊት አየሁ። ውታፉ የገባበትን ስንጥቅ ፈልጌ አጣሁት። ጣቴ ጨርሶ ያልደረሰበትን ደግሞ አገኘሁ፤ የሰዓቱን ዘንግ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር፤ በእናንተ ስድስት፣ በኛ ማለዳ አሥራ ሁለት። ሰዎቹ በርሽን ያንኳኩበት ሰዓት ነው። ደክሞሽ የሠራሽው ልክ ወጣልሽ። ፀጉር የምታህል መስመር ናት፣ አነበብኳት። ከዚያ መነጽሬን አውልቄ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ ከልክሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋትሽ። የመጀመሪያ ቀን፣ የመጀመሪያ ትምህርት፣ ምን አልኳችሁ? ሥዕሉን እንጨት ላይ ገልብጣችሁ ቅረጹ፤ አለዚያ ወረቀቱ ላይ ይገለበጣል። አንቺ እንደታየሽ ቀጥ አድርገሽ ቀረጽሽው። ውጤቱን ተመልከቺ፤ ጭልፋውንም ሰይፉንም ሁሉም በግራ እጁ ነው የያዘው። ሁለት ጦር ሙሉ ግራኝ። ስልሳ ሰው አይቶት አንድም አላስተዋለም። እናትሽም ሰዓታቸውን በቀኝ እጃቸው አሥረዋል። በትምህርት ቤት ቢሆን ጥዬሽ ነበር።

እንዳታርሚው። ያ እንጨት የትም አይነካም፤ እኔ ዘንድ በካፖርቱ ገበር ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እናትሽ ታዛዥ ይሁኑ ብለውኝ ታዝዣለሁ፤ አሁን ተራው የሳቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰዓታቸውን በቀኝ እጃቸው ያድርጉ።

መምህርሽ እሸቴ